የድሬ ሞተረኛና ያልተሰመረው መስመር

ኳስ በቴሌቪዥን የሚከታተል ሰው ሁሉ ያውቃታል። ጨዋታው አልቆ ተጫዋቾች ማልያ ሲለዋወጡ ከውስጥ የምትታየው አጭር ጥቁር ልብስ። መጀመሪያ ሰሞን «ወንዶቹ ደግሞ ጡት መያዣ ጀመሩ እንዴ?» እየተባለ በየካፌው ተስቆባታል። ልብሷ ግን ከኋላ፣ በሁለቱ ትከሻዎች መሃል፣ ትንሽዬ የጂፒኤስ መሣሪያ ተሸክማለች። የእግር ኳስ ሕግ አውጪው ቦርድ ኢፋብ እንዲህ ያለው መሣሪያ በውድድር ጨዋታ ላይ እንዲለበስ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሆን፣ ዛሬ አሰልጣኞች ተጫዋቻቸው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጠ፣ ስንቴ እንደፈጠነ፣ የትኛውን የሜዳ ጥግ እንዳዘወተረ የሚያውቁት በእሷ ነው።

ይኸው ከሰማይ የሚወርድ ምልክት አሁን በየወጣቱ ኪስ ውስጥ ባለው ስልክም ይገባል። ልዩነቱ ሜዳው ላይ ነው። የእግር ኳስ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ነው፤ በነጭ ተሰምሯል፤ ኳሷ ከወጣች ረዳት ዳኛው ባንዲራውን ያነሳል። እሁድ ጠዋት ከድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ሞተሩን አስነስቶ፣ አስፋልቱን ለቆ ወደ አሸዋው የሚገባ ሞተረኛ ግን መስመር የለውም። ባንዲራ የሚያነሳለትም የለም። ማለፍ የሌለበትን ማለፉን የሚያውቀው ወይ አጥር ሲገጥመው ወይ «ቁም!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ነው።

በሌላው ዓለም ከአስፋልት ውጪ የሚነዱ ሰዎች፣ በራሳቸው አጠራር «ኦፍ ሮድ» የሚሉት፣ ለዚህ ችግር መላ ካበጁ ቆይተዋል። የራሳቸውን የጂፒኤስ ካርታ ይሠራሉ። የሚገርመው ደግሞ ካርታው ላይ ብዙ የሚደከምበት የት እንደሚነዳ ማሳየት አይደለም፤ የት እንደማይነዳ ማሳየት ነው። ክልክሉ ቦታ በቀይ ይቀባል፣ ሞተረኛው ሲጠጋ ስልኩ ይጮኻል። አለቀ። ለድሬዳዋ ይሄ የባለጸጋ አገር ቅንጦት ሊመስል ይችላል። የኢንዱስትሪ ፓርኩን አካባቢ ያየ ሰው ግን እንደዚያ አይልም።

ሜዳው እየጠበበ ነው

ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የመጣው ባቡር የወለዳት ከተማ ነች። ሐዲዱ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ስላልቻለ ቆላው ላይ ቆመ፣ በቆመበትም ከተማ በቀለ። በደቡቧ ተራራ አለ፤ በሰሜን በኩል ወደ ሽንሌ የሚዘረጋ ደረቅ ሜዳ። ጠጠር አለ፣ አሸዋ አለ፣ ዝናብ ካልጣለ ውሃ የማይታይበት ሰፋፊ የወንዝ መውረጃ አለ። ሞተር ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ ስታዲየም የት ይገኛል?

ያ ሜዳ ግን እንደድሮው አይደለም። ከከተማው ወጣ ብሎ በመልካ ጀብዱ በኩል የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተገንብቷል፤ ግንባታውን ያካሄደው የቻይናው ሲሲኢሲሲ ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጠና ድሬዳዋ ላይ ተመርቋል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት የሚሰጠው የአዲስ አበባ-ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡርም ጣቢያው ከከዚራው ከአሮጌው ለገሃር ርቆ በዚያው አቅጣጫ ነው ያለው። ከዚያ ወዲያ ወደ ምዕራብ ሲኬድ በዜና ስሙ ተደጋግሞ የሚነሳው የሁርሶ ወታደራዊ ማሰልጠኛ ይመጣል። ትናንት ከብትና ግመል ብቻ ያቋርጠው የነበረ መሬት ዛሬ ባለቤት አለው፣ አጥር አለው፣ ጥበቃ አለው።

የድሬ ሰው ከፋብሪካ አጥር ጋር ባዕድ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የነበረው ኮተን ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ግቢ የወጣ ቡድን ነው። የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ያነሳው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ የለበሰው ማልያ የዚሁ ፋብሪካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 በተጀመረው የመጀመሪያው የአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮና ላይም ኮተን ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አንዱ ነበር። (የአሁኑ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንደዚያ ያለ ቡድን ያወጣ ይሆን ወይ የሚለው ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።) የያኔው የፋብሪካ አጥር ግን ከተማው ውስጥ ያለ፣ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው አጥር ነው። የአሁኑ ሜዳ ላይ ያለ አጥር ነው፤ ትናንት ክፍት የነበረውን ሊዘጋ፣ ነገ ደግሞ ሊሰፋ የሚችል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። የነጻ ንግድ ቀጠና አጥር እንደ ተራ የግቢ አጥር አይደለም። ወደዚያ የሚገባ ዕቃ አገር ውስጥ ገበያ ላይ እስኪወጣ ድረስ ቀረጥ አይከፈልበትም። ስለዚህ ያ ሽቦ በተግባር የጉምሩክ ድንበር ነው ማለት ይቻላል። ሽቦው ሥር ያገኛትን ክፍተት «አሪፍ አቋራጭ» ብሎ በሞተር የገባ ልጅ የሰው ግቢ ውስጥ አልገባም፤ ድንበር ነው ያለፈው። ልጁ ይሄን ላያውቅ ይችላል። ጥበቃው ግን ከሩቅ የሚያየው አቧራና ሞተር ነው፤ የልጁን ልብ አይደለም።

ባቡሩም ቢሆን ቀልድ አያውቅም። አዲሱ ባቡር ከብትና ግመል እየገጨ በተደጋጋሚ ዜና ሆኗል። በአሮጌው የፈረንሳይ ሐዲድ ላይ ባቡሩ ከሩቅ እያጓራና እየተንፏቀቀ ሲመጣ ሮጦ ማለፍ የለመደ ሰው፣ ኤሌክትሪኩ ሳይታሰብ ከተፍ እንደሚል መርሳት የለበትም።

ዳካር ምን ያደርጋል?

ከአስፋልት ውጪ የሚደረግ ውድድር ሲነሳ የሁሉም አባት ዳካር ራሊ ነው። የስፖርት ቤተሰቡ ዳካር ሲባል የሚታየው አቧራና የተገለበጠ መኪና ይሆናል። በውስጡ ያለው ትልቁ ፍልሚያ ግን የካርታ ነው። ተወዳዳሪው የራሱን ጂፒኤስ ይዞ እንደልቡ መሄድ አይችልም። አዘጋጁ የሚሰጠው መሣሪያ ሙሉ ካርታ አያሳየውም፤ በሮድ ቡኩ እየተመራ የተደበቁትን ነጥቦች አንድ በአንድ ማግኘት አለበት። አንዷን ከዘለለ ቅጣት አለ። መንደር ውስጥ ሲገባ ደግሞ ፍጥነቱን በተወሰነለት ልክ መቀነስ ይኖርበታል፤ ያ መሣሪያ ይመዘግበዋል፣ ያሳብቅበታል። ዳኛው ማንም ሰው በሌለበት በረሃ መሃል አብሮት ተቀምጧል ማለት ነው።

ቡድኖቹ ይሄንንም ለመብለጥ ሞክረው ነበር። «ማፕ ሜን» የሚባሉ ሰዎች ቀጥረው፣ ሮድ ቡኩ ዋዜማ ማታ ሲሰጥ ሌሊቱን ሙሉ ከሳተላይት ፎቶ ጋር እያመሳከሩ መንገዱን ይፈቱለት ነበር። ሀብታሙ ቡድን ጠዋት ሲነሳ ፈተናውን ከነመልሱ ይዞ ይቀርባል እንደማለት ነው። አዘጋጆቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ውድድሩ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሲዛወር በአንዳንድ ዕለታት፣ በ2021 ደግሞ በሁሉም፣ ሮድ ቡኩን ጠዋት መነሻው ላይ ብቻ መስጠት ጀመሩ። ማፕ ሜኖቹም ሥራ ፈቱ።

ዳካር የመሬት ጉዳይ ምን ያህል ከባድ እንደሆነም ያውቃል። በታኅሣሥ 2007 እ.ኤ.አ. ሞሪታኒያ ውስጥ አራት ፈረንሳውያን ቱሪስቶች ተገደሉ። የ2008ቱ ውድድር ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ተሰረዘ፤ ራሊው አፍሪካን ለቆ ደቡብ አሜሪካ ገባ፣ ከዚያም ሳዑዲ። ስሙ ብቻ ነው የሴኔጋል ሆኖ የቀረው። የት ይገባል፣ የት አይገባም የሚለው ጥያቄ አንድን ሙሉ ውድድር ከአህጉር አህጉር ያዛውራል።

ለድሬው ሞተረኛ ከዳካር የሚጠቅመው አሸናፊው ማን እንደነበር አይደለም። ገደቡ ከጨዋታው ውጪ የተቀመጠ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን የጨዋታው አንድ አካል መሆኑ ነው። ኦፍሳይድ እግር ኳስን አላበላሸም። እንዲያውም ኦፍሳይድ ባይኖር ኖሮ ሁሉም አጥቂ በረኛው ሥር ተጎልቶ ይውል ነበር።

የአንድ ሰከንድ ዋጋ

ካርታው እንዴት ይሠራል? እንደሚፈራው ከባድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ ውስጥ የተጀመረው ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባል ነጻ የዓለም ካርታ አለ። ማንም ሰው ያወርደዋል፣ ማንም ሰው ያርመዋል። ሞተረኛው የድሬዳዋን ክፍል ያወርዳል፤ በላዩ ላይ በኮምፒዩተር የክልክሉን ቦታ ዙሪያ ነጥብ በነጥብ እያያያዘ ይስላል፣ ቀይ ይቀባዋል። ከዚያ በጋርሚን መሣሪያ ላይ ወይም ያለ ኔትወርክ በሚሠራ እንደ ኦስምአንድ ባለ የስልክ አፕ ላይ ይጭነዋል። ኔትወርክ ሳያስፈልግ መሥራቱ ዋና ነገር ነው፤ ከከተማ በወጡ ቁጥር የስልኩ ዘንግ አንድ ባንድ እየጠፋ ይሄዳልና።

ችግሩ የሚጀምረው ልኩ ላይ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሉ ተጠቃሚ ሆን ብሎ ያበላሸው የነበረውን የጂፒኤስ ምልክት በግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. ከለቀቀው ወዲህ ነገሩ በጣም ተሻሽሏል። ሰማዩ ገላጣ በሆነበት ቦታ ጥሩ ስልክ የሚሳሳተው በ5 ሜትር ገደማ ነው። 5 ሜትር ማለት በረኛው ኳስ ከሚለጋባት ከትንሿ ሳጥን ወርድ የሚቀራረብ ነው። ለሞተረኛ ደህና ነው። ለአጥር ግን ደህና አይደለም፤ 5 ሜትር ከሽቦው ወዲህ በመሆንና ከሽቦው ወዲያ በመሆን መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ፍጥነት ሲጨመርበት ይብሳል። በ2022 የኳታር የዓለም ዋንጫ ላይ ኦፍሳይድ ለመወሰን የተተከሉት ካሜራዎች የተጫዋቹን አካል በሰከንድ 50 ጊዜ ይለኩት ነበር። ኳሷ ውስጥ የነበረችው መሣሪያ ደግሞ በሰከንድ 500 ጊዜ ትናገራለች። አብዛኛው ስልክ ቦታውን የሚያድሰው በሰከንድ አንድ ጊዜ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሞተረኛ በዚያች አንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል፤ ማለትም ትልቁን የፍጹም ቅጣት ሳጥን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልፈዋል። ስልኩ «ገባህ!» ሲል ሰውዬው ገብቶ በረኛው ላይ ደርሷል። ጠጠር ላይ ፍሬን ለመያዝ የሚወስደው ርቀት ገና ሳይደመር ነው ይሄ።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው ካርታ ሠሪዎች ቀዩን ቀለም አጥሩ ላይ አያቆሙትም። ከአጥሩ ውጪ ሌላ ቢጫ ቀለበት ይስላሉ፤ ማስጠንቀቂያው የሚጮኸው ቢጫው ላይ ሲደረስ ነው። 200 ሜትር ቢተው በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 12 ሰከንድ ይሰጣል። ለመስማት፣ ለማሰብ፣ ለመዞር ይበቃል። ሁለት መቶ ሜትር ብዙ ነው የሚል ሞተረኛ ይኖራል። ያ ሞተረኛ የድሬን ሜዳ ስፋት ቆም ብሎ ቢያይ መልሱን ራሱ ያገኘዋል።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ወጥመድም አለ። የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች፣ የአሁኑ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት፣ ለዓመታት ያሳተማቸው ባለ 1 ለ50,000 ካርታዎች አሉ። ውብ ሥራ ናቸው፤ ገደልና ወንዙን አንድ በአንድ ያሳያሉ። እነዚህ ካርታዎች የተለኩት ግን «አዲንዳን» በሚባል፣ ስሙን ከኑቢያ ቦታ ባገኘ አሮጌ የልኬት መነሻ ነው። ጂፒኤስ የሚጠቀመው ሌላ መነሻ ነው። ሁለቱን ሳያስማማ ከወረቀቱ ላይ ቁጥር ገልብጦ ስልኩ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ድሬዳዋ ላይ ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት በላይ ይስታል። አጥሩን ሳይሆን የአጥሩን ጎረቤት ቀይ ቀብቶት ቁጭ ይላል። ካርታውም ስህተቱን አይናገርም፤ በልበ ሙሉነት ነው የሚዋሸው።

የሳተላይት ፎቶም እንዲሁ ነው። ስልክ ላይ የሚታየው ፎቶ የዛሬ ጠዋት አይደለም፤ የዓመታት ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። ግንባታ በሚበዛበት እንደ መልካ ጀብዱ ባለ አካባቢ ባዶ ሜዳ የሚመስለው ቦታ ዛሬ ሼድ ቆሞበት ሊሆን ይችላል።

ውስጡን ተወው

አሁን ወደ ዋናው አደገኛ ነገር እንምጣ ቢባል፣ አደጋው ያለው ሞተረኛው አጥሩን አለማወቁ ላይ ብቻ አይደለም። ከመጠን በላይ ማወቁና ማሳወቁ ላይም አለ።

ስትራቫ የሚባለውን የስፖርት አፕ ሯጮችና ብስክሌተኞች ያውቁታል። ሮጠህ ስትጨርስ መንገድህን ይመዘግብልሃል፣ ለጓደኛ ታጋራለህ። ኩባንያው በኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. ከአንድ ቢሊዮን በላይ የስፖርት እንቅስቃሴዎችን ሰብስቦ፣ ሰው በብዛት የሚሮጥባቸውን መንገዶች ደምቀው የሚያሳይ የዓለም ካርታ አወጣ። ሁሉም አደነቀ። ሦስት ወር ሳይሞላ አንድ አውስትራሊያዊ ተማሪ ካርታውን ሲያገላብጥ በረሃ መሃል፣ ማንም በማይኖርበት ጨለማ ውስጥ፣ የሚያበሩ አራት ማዕዘኖች አየ። ወታደሮች ናቸው። ጠዋት ጠዋት በጦር ሰፈራቸው አጥር ዙሪያ ሲሮጡ ሰዓታቸው ሰፈሩን ለዓለም ስሎታል። ማንም ስለላ አልሄደም። ስፖርት ነው የሠሩት። በጥቅምት 2024 ደግሞ የፈረንሳዩ ለሞንድ ጋዜጣ የፕሬዚዳንት ማክሮንን ጨምሮ የታላላቅ መሪዎች አጃቢዎች በዚሁ አፕ ላይ በሚያጋሩት ሩጫ እንቅስቃሴያቸው ሊታወቅ እንደሚችል አሳይቷል። ከስድስት ዓመት በላይ አልፎ ያው ስህተት!

ድሬዳዋ ላይ ነገሩ ሌላ መልክም አለው። ከተማዋ ከታይዋን ገበያ ጋር ስሟ የሚነሳ፣ ከኮንትሮባንድ ጋር ዕድሜ ልኳን ስትታገል የኖረች ነች። አንድ ሞተረኛ ያለ ምንም ክፋት «ምርጥ መንገድ አገኘሁ፣ አስፋልቱን ሳልነካ ከዚህ ተነስቼ እዚያ ወጣሁ» ብሎ የጂፒኤስ መስመሩን በቴሌግራም ይለቀዋል። ለጓደኞቹ የእሁድ ሽርሽር ነው። ለሌላ ሰው ግን ኬላ የሚዞር መንገድ ነው፤ ከነመታጠፊያው፣ ከነርቀቱ፣ ከነወሰደው ሰዓት በነጻ የተሰጠ። ያንን መንገድ ለማግኘት ገንዘብ የሚከፍል ሰው እንዳለ ለማወቅ የድሬ ልጅ መሆን አያስፈልግም።

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ጥሩ የክልክል ካርታ የሚያሳየው ዙሪያውን ብቻ ነው። አጥሩ የት ይጀምራል፣ የት ያበቃል፣ በየት በኩል ርቆ ይታለፋል። በሩ የት እንደሆነ፣ ጥበቃው የት እንደሚቆም፣ ሽቦው የት እንደላላ፣ ውስጥ ስንት ሕንፃ እንዳለ ካርታው ላይ ምንም ሥራ የላቸውም። እነዚህን የጨመረ ሰው ለሞተረኛ ካርታ አልሠራም። ጂፒኤስ ይዞ ውስጡን ለመለካት መጠጋት፣ ይባስ ብሎ ድሮን ማስነሳት ደግሞ ጭራሽ የሚታሰብ አይደለም፤ ድሮን በዚህ አገር ያለ ፈቃድ እንደማይገባና እንደማይበር የታወቀ ነው። ወታደራዊውን ቦታ በተመለከተ እንዲያውም ዙሪያውን በትክክል መሳልም አስፈላጊ አይደለም። ሰፋ ያለ ቀይ ክብ ይበቃል። ሞተረኛው የሚፈልገው መራቅ ከሆነ ለመራቅ ሴንቲ ሜትር አያስፈልግም።

አጥር የሌለው ክልክል

ስለ ፓርኩና ስለ ባቡሩ ይሄ ሁሉ ከተባለ በኋላ፣ ድሬዳዋ ላይ ሰው በብዛት የጨረሰው ቦታ አጥርም ጥበቃም የለውም። ደቻቱ ነው። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው ይህ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ሌሊት፣ ሰው በተኛበት፣ ከተራራው የወረደ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ በሺዎች የሚቆጠሩትን ቤት አልባ አደረገ። ድሬ ላይ ላይዘንብ ይችላል። ደጋው ላይ ከዘነበ በቂ ነው።

የደረቀ ወንዝ ደግሞ ለሞተር የተመቸ ነው። ሰፊ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ማንም አይከለክልም። ተራ ካርታ ላይ ሰማያዊ የተቆራረጠ መስመር ሆኖ ይታያል፤ ብዙው ሰው ትርጉሙን አያስተውልም። አስተዋይ ካርታ ሠሪ ግን እነዚህን መውረጃዎች በሌላ ቀለም ይለያቸዋል፤ ክረምት ሲመጣ ክልክል የሚሆኑ፣ በበጋም ደጋው ጠቁሮ ከታየ የሚወጣባቸው። የሚወጣበት ቦታም በነጥብ ይቀመጣል፤ ምክንያቱም ገደላማ ዳርቻ ባለው መውረጃ ውስጥ ጎርፍ ሲመጣ የሚጠቅመው ወደፊት መሮጥ ሳይሆን ወደ ጎን መውጣት ነው። ከፋብሪካ አጥር ይልቅ ነፍስ የሚያድነው ይሄኛው የካርታው ክፍል ይመስላል።

ቁጥሩ ማን ጋ ነው?

«ሞተረኛው ራሱ ይጠንቀቅ» ብሎ መተው ቀላል ነው። ሲተው ምን እንደሚመጣ ግን አዲስ አበባ አይታዋለች። በሰኔ 2011 ዓ.ም. የከተማ አስተዳደሩ ከሞተር ጋር የተያያዘ ወንጀል በዛ ብሎ፣ ለተወሰኑ ሥራዎች ከተፈቀደላቸው በስተቀር፣ ሞተር ሳይክል በከተማዋ እንዳይንቀሳቀስ አገደ። ቀማኛውም፣ ዳቦውን በሞተር የሚያገኘውም፣ ለስፖርት የሚነዳውም በአንድ ቀይ ካርድ ወጡ። ድሬዳዋ ላይ ሁለት ሦስት ሞተረኛ በተለያየ ቀን አጥር ውስጥ ቢገኝ የሚመጣው ውሳኔ ሜዳውን በሙሉ የሚዘጋ እንዳይሆን ምን ዋስትና አለ? መሥሪያ ቤት ልዩነት መፍጠሪያ ነገር በእጁ ከሌለው ሁሉንም መከልከል ይቀለዋል። በቀይ የተቀባ ካርታ ያንን ልዩነት የሚፈጥር ነገር ነው፤ «እኛ አጥራችሁን አውቀን የምንርቅ ነን» ማለት የሚቻለው እሱን ይዞ ነው።

ድሬ ለስፖርት ስትል መደራጀት እንደምትችል ታይቷል። በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ በአምስት ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ አንዷ አስተናጋጅ እሷ ነበረች፤ ጨዋታዎቹም በዲኤስቲቪ በቀጥታ ተላልፈዋል። ለዚያ የተደረገው ዝግጅት ከዚህኛው ጋር ሲወዳደር ተራራ ነው። ለዚህ የሚፈለገው የአጥሩ ማዕዘኖች ቁጥር ነው። መሬቱ ሲሰጥ የተለካ ነውና ቁጥሩ አለ፤ ምናልባት ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ምስጢርም አይደለም፤ አጥሩ በመንገድ ለሚያልፍ ሰው ሁሉ ይታያል፣ ከባቡሩ መስኮትም ይታያል። የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን የውጭ ዙሪያውን ብቻ፣ በጂፒኤስ መነሻ፣ ከነቀኑ ቢሰጥ፣ ማስፋፊያ ሲኖርም አዲሱን ቢጨምርበት፣ ሞተረኛው ሊለካ ብሎ አጥር ሥር የሚዞርበት ምክንያት ያበቃል። ጥበቃውም በዞረ ቁጥር የሚያባርረው ሰው ይቀንስለታል።

ሞተረኛው በበኩሉ ቁጥሩን ይዞ ቀዩን ይቀባል፣ ቢጫውን 200 ሜትር ያወጣል፣ የራሱን የእሁድ መስመር ደግሞ ስልኩ ውስጥ ያስቀምጣል እንጂ አደባባይ አይለጥፍም። ማመልከቻ መጻፍ ግን የግለሰብ ሥራ አይደለም፤ ማኅተም ያለው ማኅበር ወይም ክለብ ይፈልጋል። የከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት በር ላይ መጀመሪያ መንኳኳት ያለበትም ለዚሁ ነው፤ ክረምቱ ገብቶ ደቻቱ ከመሙላቱ በፊት።